አልጋ ያላት ቫን

ብሪታንያ ውስጥ ከከተማ ወጣ እንዳሉ መንገድ ዳር ብቅ የሚል አንድ ምልክት አለ፤ ነጭ ክብ ነው፣ በላዩ ጥቁር መስመር በሰያፍ ተሰምሮበታል። ቁጥር የለውም። የፍጥነት ገደብ ምልክት ነው ቢሉት እንግዳ ሰው አያምንም፤ ግን ነው። «ከዚህ ወዲያ የአገሪቱ አጠቃላይ ገደብ ይሠራል» ማለት ነው። አጠቃላይ ገደቡ ስንት እንደሆነ ምልክቱ አይናገርም። የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቀው ደግሞ ጥቁሩን መስመር አይቶ «በቃ ገደቡ ተሰረዘ» ብሎ ነዳጅ ይሰጣል።

የቤት መኪና ለሚነዳ ሰው ነገሩ ብዙም አያስቸግርም። መሐሉ ባልተከፈለ መንገድ በሰዓት 60 ማይል፣ መሐሉ በአጥር ወይም በሣር በተከፈለ መንገድ 70፣ በሞተርዌይም 70 ነው። (በኪሎ ሜትር ማሰብ ለለመደ፣ 50 ማይል 80፣ 60 ማይል 97፣ 70 ማይል ደግሞ 113 ግድም ይሆናል።) ተራ ቫን ለሚነዳው ግን ያው ቁጥር አልባ ምልክት ሌላ ነገር ነው የሚለው፤ ባልተከፈለው መንገድ 50፣ በተከፈለው 60። ከቤት መኪና ጋር እኩል የሚሆነው ሞተርዌይ ሲገባ ብቻ ነው።

ለንደን ውስጥ ቫን እየነዳ ዕቃ የሚያደርስ የእኛ ሰው ጥቂት አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ሲቀርብ ከፖለቲካ ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ መንገድ ነው። የትኛው ድልድይ አጠገብ ካሜራ እንዳለ፣ የትኛው በቅርቡ እንደተተከለ፣ የትኛው ከኋላ የትኛው ከፊት እንደሚያነሳ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። እንዲህ ያለውን ሊቅ «ለመሆኑ መሐሉ በተከፈለ መንገድ ለቫን ስንት ነው የተፈቀደው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሰባ ነዋ!» ይላል፤ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዐይን እያያችሁ። «የለም፣ ስልሳ ነው» ያላችሁት እንደሆነ ማስረጃው ዝግጁ ነው፤ «ሁሉም በሰባ አይደል እንዴ የሚሄደው!»

በእሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ሕጉም ግን ለመታወቅ ብዙ የደከመ አይደለም። ቫን ሁሉ ቫን አይደለምና። የቤት መኪና ሆና ተሠርታ፣ የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ መስኮቷ በላሜራ የተደፈነ ትንሽ ቫን አለች፤ እንደ ፎርድ ፊየስታ ቫን ያለችው። የእሷ ክብደት ከነጭነቷ ከ2 ቶን ካልበለጠ እንደ ቤት መኪና ተቆጥራ 60 እና 70 ይፈቀድላታል። አጠገቧ የቆመችው ሲትሮየን በርሊንጎ በዐይን ሲያይዋት እህቷ ትመስላለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከነጭነቷ ከ2 ቶን በላይ ሆና ስለምትመዘገብ በ50 እና በ60 ትታሰራለች። ስለዚህ የቫን ሾፌር ገደቡን ለማወቅ ማንበብ ያለበት የመንገዱን ምልክት ብቻ ሳይሆን ሊብሬውን ነው። ሊብሬውን ደግሞ መኪናውን ሲገዛ አይቶት መሳቢያ ውስጥ ከቷል። ቫኑ የመሥሪያ ቤት ወይም የኪራይ ከሆነ ጭራሽ አይቶትም አያውቅም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የአልጋው ነገር ነው። አንዲት ፎርድ ትራንዚት ውሰዱ። ውስጧ መደርደሪያና የቧንቧ ሠራተኛ መፍቻ ከተሞላ 50 እና 60 ናት። መፍቻው ወጥቶ አልጋ፣ ምድጃና መጋረጃ ከገባላት፣ እንደ ሽርሽር መኪናም ከተመዘገበች፣ ባዶ ክብደቷ ከ3.05 ቶን እስካልበለጠ ድረስ 60 እና 70 ትሆናለች። ሞተሩ ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ቤቱ በውኃ የተጥለቀለቀበትን ሰው ለማዳን በ60 ሲያዘግም፣ ሌላው ለጡረታው ባሕር ዳርቻ ሊተኛ በ70 ያልፈዋል። ሕግ አውጪው «አልጋ የያዘ ሰው አይቸኩልም» ብሎ አምኖት ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ይህም ሳያንስ ከባዱ መኪና አለ። በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 2015 ድረስ ከ7.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ባልተከፈለ መንገድ 40፣ በተከፈለ 50 ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ወደ 50 እና ወደ 60 ከፍ ተደረገለት። ስለዚህ ዛሬ በእነዚህ መንገዶች 44 ቶን የሚመዝን ተሳቢ እና አበባ የምታደርስ ቫን ገደባቸው እኩል ነው። ልዩነታቸው ሌላ ነው። በከባዱ መኪና ላይ ፍጥነት መገደቢያ ተገጥሞበታል፤ ሾፌሩ ቢረግጥም ባይረግጥም ከ56 ማይል አያልፍለትም። ቫኗ ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። አንዱን መሣሪያ፣ ሌላውን ኅሊና ይቆጣጠረዋል ማለት ነው። የትኛው የትኛውን በቀኝ በኩል አልፎት እንደሚሄድ በመንገዱ ዳር ቆሞ ማየት ነው።

የቫን ገደብ ለምን ዝቅ አለ የሚል አይጠፋም። ጭነት የያዘ ነገር ቶሎ አይቆምም፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የአገሩ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ለቤት መኪና በደህና አስፋልት ላይ የሚሰጠው የመቆሚያ ርቀት እንኳ በ50 ማይል 53 ሜትር፣ በ60 ማይል 73 ሜትር፣ በ70 ማይል 96 ሜትር ነው፤ እስከ ጣሪያዋ በእቃ የታጨቀች ቫን ከዚያ ብትረዝም አይገርምም። የሚተርፈው ጊዜስ? 10 ማይል መንገድ በ50 ሲሄዱ 12 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ60 ሲሄዱ 10። ያቺ የተረፈች ሁለት ደቂቃ መኪና ማቆሚያ ሲፈልጉ እንደምታልቅ ዕቃ አድራሽ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ገደቡን የማያውቀው ሾፌር ታዲያ አንድ ነገር ግን አጥርቶ ያውቃል፤ ትርፉን። የብሪታንያ የፖሊስ አዛዦች መመሪያ አለ። በእሱ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት የሚጀመረው ከገደቡ 10 በመቶ እና 2 ማይል ተጨምሮበት ነው። 30 በሆነው መንገድ 35፣ በ50ው 57፣ በ60ው 68፣ በ70ው 79። መመሪያው መብት አይሰጥም፤ ፖሊስ ከፈለገ ከገደቡ አንድ ማይል ያለፈውንም መቅጣት ይችላል። በሾፌሩ አእምሮ ግን ምርቃቱ የዕቃው አካል ሆኗል። «ሃምሳ» የሚል ምልክት ሲያይ የሚያነበው ሃምሳ ስድስት ነው። ደግሞም የመኪና ፍጥነት መለኪያ አሳንሶ ማሳየት በሕግ ስለማይፈቀድለት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ አብልጦ እንደሚያሳይ ሰምቷል፤ እሷንም ይደምራታል። በትምህርት ቤት ከመቶኛ ሒሳብ ጋር ተጣልቶ የወጣ ሰው መሪ ሲጨብጥ በቅጽበት ያሰላል!

አሁን ይህን ሒሳብ መሐሉ በተከፈለ መንገድ፣ በተራ ቫን ላይ እንሥራው። ሾፌራችን ገደቡ 70 ነው ብሎ ያምናል፤ ምርቃቱን ይጨምርና እስከ 78 ሰላም ነው ብሎ ይነዳል። በእሱ ስሌት አንድ ማይል ተርፎታል፤ ሕግ አክባሪ ነው፤ ጥንቁቅም ነው። በሕጉ ስሌት ግን ገደቡ 60 ስለሆነ 18 ማይል አልፏል። በ60 መንገድ ላይ ከ68 እስከ 75 የተያዘ ሰው ከቅጣት ይልቅ ትምህርት ተሰጥቶት እንዲለቀቅ ሊደረግ ይችላል። የእኛ ሰው 78 ላይ ስለሆነ ትምህርቱንም ዘልሎታል። የሚጠብቀው ቢያንስ 100 ፓውንድ እና በመንጃ ፈቃዱ ላይ 3 ነጥብ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት መንዳት ይከለከላል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ደግሞ 6 ነጥብ ይበቃዋል፤ ፈቃዱ ተሰርዞ እንደገና ከፈተና ይጀምራል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰማ ቅጣቱ በሳምንት ገቢው ልክ ይሰላል፤ እስከ 1,000 ፓውንድ፣ በሞተርዌይ ላይ ከሆነ እስከ 2,500።

ይህ ሰውን ፈጥነህ ነዳህ ብሎ የመክሰስ ነገር የተጀመረው እዚያው አገር ነው። በ1896 ዋልተር አርኖልድ የሚባል ሰው በኬንት አውራጃ ፓዶክ ዉድ በሚባል ቦታ በሰዓት 2 ማይል በሚፈቀድበት መንደር በ8 ማይል ሲያልፍ አንድ ፖሊስ አየው። ፖሊሱ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ አሳደደው፣ ደረሰበትም። አንድ ሺሊንግ ተቀጣ። በፍጥነት በመንዳት የተቀጣ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ስሙ የሚጠራው እሱ ነው። የሞተርዌዩ 70 ማይል ገደብ ራሱ በ1965 መጨረሻ ለአራት ወር ሙከራ ተብሎ የመጣ ነው። ያ ዓመት ፎርድ ትራንዚት ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣችበትም ዓመት ነው፤ ሁለቱ እኩዮች እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ካሜራው የመጣበት መንገድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጋትሶ የሚባለውን ዝነኛ ካሜራ የሠራው ኔዘርላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ ነው። ሰውየው የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ በ1953 የሞንቴ ካርሎን ውድድር አሸንፏል። መሣሪያውን የሠራው ማንንም ለመቅጣት አልነበረም፤ መታጠፊያ ላይ የራሱን ፍጥነት እየለካ ይበልጥ ለመፍጠን ነው። ከ1992 ጀምሮ የእሱ ሥራ በለንደን ምዕራብ መንገድ ዳር ቆመ። ፈጣሪው እንዲፈጥንበት የሠራው ዕቃ የዓለምን ሾፌር ሲያዘገይ ይውላል።

የካሜራው ሣጥን ቢጫ ቀለም የተቀባው ሾፌር ከሩቅ እንዲያየው ነው። ያየዋልም። ቫኗ በ45 ስትመጣ ቆይታ ሣጥኑ ጋ ስትደርስ ፍሬን ይያዝና አፍንጫዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያልፍ ምእመን እንደሚሳለም ሁሉ ትሳለመዋለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወደ ዓለማዊ ኑሮዋ ትመለሳለች። ከኋላዋ ያለው መኪናም በተራው ይሳለማል። ይህ አምልኮ ያስቸገራቸው ሰዎች አማካይ ፍጥነት የሚለካ ካሜራ አመጡ። የሰሌዳ ቁጥርህን እዚህ ጋ ያነብብሃል፣ ከብዙ ማይል በኋላ እዚያ ጋ ያነብብሃል፣ ርቀቱን ለፈጀኸው ጊዜ ያካፍለዋል። በስኮትላንድ ኤ9 በሚባለው መንገድ ላይ ከደንብሌን እስከ ኢንቨርነስ ከ2014 ጥቅምት ጀምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። እዚያ ምሰሶው ሥር ፍሬን መያዝ ምንም አይጠቅምም፤ የሚቆጠረው በመሐል የሄድከው ነው። ሾፌሩ ግን የለመደውን አይተውም። እያንዳንዱ ምሰሶ ሥር ይሳለማል፣ በመሐል ይበራል፤ ፖስታው ሲመጣ «እኔ እኮ ካሜራው ጋ በደንብ ቀንሻለሁ!» ብሎ ይምላል። እውነቱን ነው፣ ቀንሷል።

ሌላው ተንቀሳቃሹ ነው። ድልድይ ላይ ወይም መንገድ ዳር ቆሞ፣ የኋላ መስኮቱን ከፍቶ፣ ከሩቅ በሌዘር የሚለካው የፖሊስ ካሜራ የተጫነው በምን ላይ ነው? በቫን ላይ ነው። ከውስጥ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የሚመጣው የቤት መኪና ይሁን ቫን በዐይኑ ያየዋል፤ የሊብሬውን ነገር ሾፌሩ ባያውቀውም እሱ ያውቀዋል። የቫን ሾፌር ቀኑን ሙሉ ቢጫ ሣጥን ሲፈራ ውሎ የሚይዘው የገዛ ወገኑ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ደግነት ችግር ይፈጥርበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔም ሆነ ወደ ደሴ የነዳ ያውቀዋል፤ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ቦግ እልም ካደረገ «ትራፊክ አለ፣ ቀንስ» ማለት ነው። የተቀበለም በተራው ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ ካላስተላለፈ ሰው አይባልም። ብሪታንያ ውስጥ ይህ ቸርነት የፖሊስን ሥራ ማደናቀፍ ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል፤ ተከሰው የተቀጡም አሉ። «ፍጥነት እንዲቀንስ ነገርኩት እንጂ ምን በደልኩ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ እኔም መልስ የለኝም።

ፖስታው ከመጣ በኋላ ደግሞ ሾፌር ሁሉ ጠበቃ ይሆናል። ሕጉ ማስጠንቀቂያው ጥፋቱ ከተፈጸመ በ14 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት ይላል። ይህችን ቀዳዳ ዝነኛ ያደረጋት ዴቪድ ቤካም ነው። በ2018 ጥር ለንደን ውስጥ ኤ40 ላይ 40 በሆነው መንገድ በ59 ማይል ሲነዳ ተያዘ፤ ደብዳቤው በአንድ ቀን ስለዘገየ ነጻ ወጣ። ፈጥኖ መንዳቱን አልካደም። ከዚያ ወዲህ 14 ቁጥርን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ የቫን ገደብ ስንት እንደሆነ የማያውቀው ሳይቀር። የሚረሳው ግን አንድ ነገር አለ፤ 14 ቀኑ የሚቆጠረው መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ባለቤት ነው። ቫኑ የኪራይ ከሆነ የመጀመሪያው ደብዳቤ ለአከራዩ ይሄዳል፣ አከራዩ የሾፌሩን ስም ይሰጣል፣ ለሾፌሩ የሚደርሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ነው። ሾፌሩም ቀኑን ቆጥሮ «አልፎባቸዋል!» ብሎ ቡና ያስፈላል። አላለፈባቸውም። አከራዩ ደግሞ ስሙን አሳልፎ ለሰጠበት ድካም ሒሳብ ይልክለታል።

«ማን ነበር የሚነዳው?» ለሚለው ጥያቄ በ28 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታ ነው፤ ዝም ያለ በዝምታው 6 ነጥብ ይጨመርበታል። ከዚህ ለማምለጥ ነጥቡን በሚስት ስም ማስመዝገብ የሚባል ዘዴ አለ። ክሪስ ሂዩን የሚባል ፖለቲከኛ በ2003 በሞተርዌይ ላይ በፍጥነት ተይዞ ነጥቡን ሚስቱ ቪኪ ፕራይስ ወሰደችለት። በዚያው ዓመት ብዙም ሳይቆይ እየነዳ ስልክ ሲያወራ ተይዞ መንጃ ፈቃዱን ለማንኛውም አጣ! ትዳሩ ሲፈርስ ነገሩ ወጣ፤ ከኢነርጂ ሚኒስትርነቱ ለቀቀ፤ በ2013 ሁለቱም ስምንት ስምንት ወር ተፈረደባቸው። መነሻው 3 ነጥብ ነበር።

በአንጻሩ የቀድሞው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ አሉ። በ2022 ከመኖሪያቸው ላምቤዝ ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይርቁ 20 በሆነው መንገድ በ25 ማይል ሲነዱ ተያዙ። ማን ነው የነዳው ሲባሉ እኔ ነኝ አሉ፤ ከነወጪው 510 ፓውንድ እና 3 ነጥብ ተቀበሉ። የሻይ ጠበቆቻችን ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ ጥሩ ሰው አላማከሩም ብለው።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ያልተማረ፣ ፍጥነቱም ያልከፋ ሰው እንግዲህ በቅጣቱ ፈንታ ያ ትምህርት ይቀርብለታል። ክፍያው ከቅጣቱ ብዙም አይርቅም፤ ጥቅሙ ነጥብ አለመመዝገቡ ነው። አሁን ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ አስተማሪዎቹ ጥብቅ ደንብ አላቸው። ያረፈደ አይገባም። የሚነዳ አይገባም። ካሜራውን ያልከፈተ አይገባም። ዕድሜውን ሙሉ ከካሜራ ሲሸሽ የኖረ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ፊቱን ለካሜራ ሰጥቶ ይቀመጣል ማለት ነው። ሄዶ የመጣ አንድ ወዳጃችን እንደነገረን፣ አስተማሪዋ ስለ መንገድ ዓይነት፣ ስለ ቫን፣ ስለ 50 እና 60 በሥዕል አድርጋ ስታስረዳ ቆይታ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» አለች። አንድ የቫን ሾፌር ወዲያው እጁን አወጣ። «ሰርኩላር መንገዱ ላይ ያለው ካሜራ በሁለቱም አቅጣጫ ነው እንዴ የሚያነሳው?»